ወፍ አለ

የዘንድሮ ልጆች ፈልገው ያጡትን ሁሉ «ወፍ የለም» ይሉታል። ታክሲ ሲጠፋ ወፍ የለም፤ ኪስ ሲራቆት ወፍ የለም፤ ኔትወርክ ሲቋረጥም ወፍ የለም። አባባሉ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ መድመቁ ያስቀኛል። ከተማችን የጎደላት ነገር ብዙ ነው፤ ወፍ ግን አልጎደላትም። ገና ጎህ ሲቀድ በቡድን እየጮኸ በጣሪያችን ላይ የሚያልፈው፣ አንዳንዶች ጋጋኖ የሚሉት፣ አፉ እንደ ማጭድ የቆለመመ ትልቅ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት፣ አፈ ወፍራሙ ቁራችንም የዚሁ የአፍሪካ ቀንድ ተወላጅ ነው። በቄራ በኩል ያለፈ ሰው የጭልፊቱንና የጥንብ አንሳውን ብዛት ያውቀዋል። በአገራችን በጠቅላላው ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል።

ዛሬ ግን የወፍ ትምህርት ልሰጥ አልተነሳሁም። ጉዳዬ እንደ ሁልጊዜው ልጆች ናቸው። በሰፈራችን ከ12 እስከ 17 ዓመት የሚሆናቸው ዘጠኝ ልጆች ወፍ ፎቶ እያነሱ፣ ያነሱትን ደግሞ አንድ ላይ ተቀምጠው እየመረመሩ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። የልጅ ልጄ አንዷ ናት። መጀመሪያ ነገሩን የሰማሁት ከእሷ ነው፦ «እማማ፣ ቅዳሜ ፎቶዬ ሂስ ይደረግበታል» አለችኝ፣ ልክ የልደት ግብዣ እንደተጠራ ሰው ደስ እያላት።

ሂስ! የእኔ ዕድሜ ያላችሁ አንባቢዎች ይህችን ቃል ስትሰሙ ምን እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። በደርግ ጊዜ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነገር ነበረ። በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው አዳራሽ ሰው ከወንበሩ ይነሳና ጥፋቱ ይዘረዘርለታል፤ ጥፋት ከሌለው ይፈለግለታል፤ ከዚያ ራሱም በራሱ ላይ እንዲጨምርበት ይጠበቃል። ቃሏ በራሷ ምንም አላጠፋችም፤ የዋለችበት ቦታ ግን አበላሻት። ከዚያ በኋላ በብዙዎቻችን ቤት ሁለት ዓይነት ንግግር ብቻ ቀረ፦ ወይ «ጎበዝ» ወይ ቁጣ። በመሃል ያለው፣ «ይህ ይህ ጎድሎታል፣ እንዲህ ብታደርገው ይሞላል» የሚባለው ጸጥ ያለ ንግግር ከቤታችን ወጣ። ስለዚህ ቅዳሜ ከልጅቷ ጋር አብሬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ልጠብቃት ነው የሄድኩት።

የሚሰበሰቡት ድሮ ፎቶ ቤት በነበራቸው ጎረቤታችን ሳሎን ነው። ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፎቶ ብቻ ይዞ ይመጣል። አንድ መሆኑ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሦስት መቶ አንስቶ አንዱን መምረጥ ማለት 299 ጊዜ በራስ ሥራ ላይ መፍረድ ነው። ፎቶው በቴሌቪዥኑ ላይ በትልቁ ይወጣል። ያነሳው ልጅ ሦስት ጓደኞቹ ተናግረው እስኪጨርሱ አፉን አይከፍትም። ተናጋሪውም «ያምራል» ወይም «አያምርም» ማለት አይፈቀድለትም፤ «የማየው...» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህችን ደንብ ማን እንዳወጣት ስጠይቅ ጋሼ ስቀው፣ «ያምራልማ ደንበኛ የሚሸኝበት ቃል ነው፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ስልበት ኖሬያለሁ» አሉኝ።

የልጅ ልጄ ያን ቀን ያመጣችው የእኛኑ ግቢ ወፍ ነበር። አበባ የምትመጥ፣ አፏ ቀጭንና ጎበጥ ያለ ወፍ ናት፤ ወንዱ ጅራቱ ረዘም ይላል። በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የተከዜ ወንዝ ስም ያለው፣ የደጋ ጓሮዎችን የሚወድ ዝርያ ነው። አንደኛው ልጅ «የማየው ጥቁር ወፍ ነው» ብሎ ጀመረ። እሷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ወፉ ጥቁር እንዳልሆነ እሷም እኔም እናውቃለን፤ ሐምራዊና ወርቅማ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ስንት ጠዋት አብረን አይተነዋል። ሁለተኛዋ ልጅ «ዓይኑን ፈለግኩ፣ አላገኘሁትም» አለች። ሦስተኛው «ፀሐይዋ ከወፉ ጀርባ ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ልጅቷ ግን ተራዋ ሲደርስ «ጥቁር አይደለም፤ ለምን ጥቁር ሆነብኝ?» አለች። ጥያቄው የራሷ ሆነ ማለት ነው።

መልሱን ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ደስ ይላል። የዚህ ወፍ ብርቅርቅታ እንደ ቀለም የተቀባ አይደለም፤ ላባው በጣም ረቂቅ ሆኖ ስለተሠራ ብርሃን በተወሰነ አቅጣጫ ሲመታው ብቻ ነው ቀለም የሚሰጠው። አንገቱን ትንሽ ሲያዞር ይጠፋል። ስለዚህ ፀሐይዋን በጀርባዋ አድርጋ መቆምና ወፉ እስኪዞርላት መጠበቅ ነበረባት። ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ያን አበባ ስትጠብቅ ከረመች። ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣና የወፉን ዓይን በጥላ ትሸፍነዋለች። ይህን እሷ ነች ያስተማረችኝ። ማታ ማታ በእንቅልፍ ሰዓት የምንጨቃጨቅባት ልጅ በራሷ ጊዜ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስትነሳ አይቼ እግዜርን አመስግኛለሁ።

ዓይን የሚለውን ነገር ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ። የወፍ ፎቶ ሁሉ ነገሩ ዓይን ነው። ላባው ቢደበዝዝ፣ ክንፉ ቢንቀጠቀጥ ይታለፋል፤ ዓይኑ ካልጠራ ግን ተመልካቹ የሚይዘው ነገር ያጣል። ቀጥሎ ቁመት ነው። ትንሽ ልጅን ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች ብታነሷት አናቷ እንጂ ፊቷ እንደማይወጣ ሁሉ፣ መሬት የሚለቅም ወፍም በወፉ ልክ ዝቅ ብሎ ነው የሚነሳው። ልጆቹ በሆዳቸው ተኝተው ስለሚያነሱ የልብስ ማጠቡ ነገር ለእናቶች ቀርቷል፤ ይህን ቅሬታ ከአንድም ከሁለትም እናት ሰምቼ ለጋሼ አድርሻለሁ፤ አሁን እያንዳንዱ ልጅ ማዳበሪያ ይዞ ይሄዳል።

ቁራውና ነጭ ሳቢሳ ደግሞ የብርሃን መምህራን ናቸው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ አድርጎ ማውጣት ይወዳል። ደማቅ ሰማይ ላይ ያለ ቁራ ከሰል ሆኖ ይወጣል፤ ከብት ተከትላ የምትሄደው ነጭ ሳቢሳ በጥቁር አፈር ላይ ሆና ስትነሳ ላባዋ ተቃጥሎ ልክ እንደ ወረቀት ቁራጭ ትመስላለች። ስለዚህ ለቁራው ብርሃን መጨመር፣ ለሳቢሳዋ መቀነስ ነው። በስልክም ይቻላል፤ ወፉ ላይ ጣት አሳርፎ ብርሃኑን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳብ ነው። «ልጄ ካሜራ ግዢልኝ ብላ አስጨነቀችኝ» ብለው ለደወሉልኝ እናት መልሴ ይኸው ነው፦ ገና አይግዙ። ከዘጠኙ ልጆች ካሜራ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያገለገለ። ሌሎቹ በስልክ ነው የሚያነሱት። ስልክ ላይ በጣት አስፍቶ ማቅረብ ምስሉን ቆርጦ ማሳደግ ስለሆነ ያደበዝዘዋል፤ እነሱ ግን አንድ የጋራ ባይናኩላር አላቸው፤ የስልኩን ካሜራ በባይናኩላሩ የዓይን መመልከቻ ላይ ገጥመው ያነሳሉ። መጀመሪያ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙ ጥቁር ክብ ይሆናል፤ ከወር በኋላ ይለመዳል።

አያቶች ምን እንሠራለን ለምትሉ፣ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጆቹ «አባባ» የሚሏቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ በሸዋ ሮቢት በኩል ነው ያደጉት። በልጅነታቸው ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ግሪሳ ወፍ ሲያባርሩ ኖረዋል። ስለ ካሜራ ምንም አያውቁም፤ ስለ ወፍ ግን እነዚህ ልጆች ከስልካቸው የማያገኙትን ያውቃሉ። «ወደ ወፍ ቀጥ ብለህ አትሂድ፤ ልትበላት የመጣህ ይመስላታል። በጎን አልፈህ እንደምትሄድ ሁን፤ አትያት» ይላሉ። ወፍ ወደ ነፋሱ ዞራ እንደምትነሳ፣ ስለዚህ ነፋሱን በጀርባ አድርጎ የጠበቀ ሰው ፊቷን እንደሚያገኝ ነገሯቸው። ኩሷን ከጣለች ልትበር ነው የምትለዋን ምክራቸውን ደግሞ ልጆቹ በሳቅ ተቀብለው ሲሞክሯት ብዙ ጊዜ ሠራች።

አንድ ቀን አባባ «ከብት መሃል ሆኖ የሚሄድ እረኛን ወፍ አይሸሸውም» ሲሉ፣ ጋሼ ተነስተው የእንግሊዞቹን የኪርተን ወንድማማቾች ታሪክ አወሩ። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን ከመቶ ዓመት በፊት ወፍ ፎቶ ለማንሳት ውስጡ ባዶ የሆነ በሬ አሠርተው፣ እውነተኛ የበሬ ቆዳ አልብሰው፣ እሆዱ ውስጥ ገብተው ይጠብቁ ነበር። አባባ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ «እኛ እኮ በሬው ነበረን፤ ካሜራው ነው ያጠረን» አሉ። ለልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ የድሮ ሰው መሆናቸው ቀረ።

አሁን ወደከበደው ነገር ልምጣ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የ14 ዓመት ልጅ የጎጆ ፎቶ ይዞ መጣ። ሦስት ጫጩቶች፣ ላባ ያላወጡ፣ አፋቸውን እስከ ጥግ የከፈቱ። ቅርብ ነው፤ ጥርት ያለ ነው፤ ብርሃኑ ልክ ነው። ያን ቀን የመጣን አዋቂዎች በሙሉ «ውይ!» አልን፤ የልጁ አባት ሰው ሁሉ እንዲያይለት ቀና ቀና ይል ነበር። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ግን ዝግ ባለ ድምፅ ጀመረች። «የማየው ሦስት ጫጩት ነው። በቀኝ በኩል ቅጠል የለም። ተቆርጦ ነው?»

ልጁ ዝም ማለት ስለነበረበት ራሱን ነቀነቀ። አልተቆረጠም ማለቱ ነው፤ በኋላ እንደነገረን ብርሃን እንዲገባ ቅርንጫፉን በገመድ ወደ ጎን አስሮት ነበር።

«እናታቸውን ግን አላየኋትም» አለች ልጅቷ።

ተራው ሲደርስ ተናገረ። እናትየዋ ግንቡ ላይ ሆና ትጮህ ነበር። ስንት ደቂቃ? ልጁ ወደ ምንጣፉ አየ። «ግማሽ ሰዓት ይሆናል።»

አባትየው ተነሳ። «ልጄ ምን ሰረቀ? ፎቶ እኮ ነው ያነሳው! አምጡ ብላችሁ አስመጥታችሁ ታሸማቅቁታላችሁ?» አለ። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ጋሼ አልተከራከሩትም። ቡና እንዲቀዳ ካሉ በኋላ ለልጆቹ እንጂ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ ነገሩን አስረዱ። ያ ቅጠል የጫጩቶቹ ጣሪያ ነው፤ ላባ ሳያወጡ የቀትር ፀሐይ ከመታቸው በፍጥነት ይጎዳሉ። መጋረጃቸውም ነው፤ ቅጠሉ ሲገለጥ ለሰው ዓይን የታየው ጎጆ ለቁራና ለጭልፊትም ይታያል። እናቲቱ ስትጮህ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ «እዚህ ነው» እያለች ትጠራለች። ቀጥለውም ኤሪክ ሆስኪንግ ስለሚባል ታዋቂ እንግሊዛዊ የወፍ ፎቶ አንሺ ነገሯቸው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ወደ አንዲት ጉጉት ጎጆ ሲቀርብ ጉጉቷ በጥፍሯ መታችው፤ ግራ ዓይኑንም አሳጣችው። ሥራውን ግን አልተወም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ ራሱ በአንድ ዓይንነቱ ይቀልዳል። ልጆቹ በጉጉቷ ፈረዱ ወይስ በሰውየው የሚለው ለቀጣዩ ግማሽ ሰዓት አከራከራቸው።

ልጁ የዚያኑ ዕለት ማታ ገመዱን እንደፈታው እናቱ ነግራኛለች። ከሳምንት በኋላ ጎጆው ባዶ ነበር። ጫጩቶቹ በርረው ይሁን ተበልተው ያየ የለም።

ከዚያ ሁለት ቅዳሜ ቀረ። አባቱን እኛው ሰፈር ያደገ ልጅ ስለሆነ ቡና ጠርቼ አነጋገርኩት። የተናደደው በልጅቷ እንዳልሆነ ገባኝ። «እትዬ፣ አባቴ አንድ ቀን ከስብሰባ መጥቶ ራት ሳይበላ ተኛ» አለኝ። «ምን እንዳሉት እስከዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን እኛ ቤት ማንም የማንንም ስህተት አፍ አውጥቶ አይናገርም ነበር። ልጄ ከእነሱ ፊት ቆሞ ዓይኑ ምንጣፍ ላይ ሲተከል አባቴን ነው ያየሁት።»

እኔ ይህን ሰው ልወቅሰው አልችልም። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም አልኩት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ መሃል ላይ የቆመው ሰው ነው፤ እዚህ ሳሎን ውስጥ መሃል ላይ ያለው ፎቶው ነው። ያቺ ልጅ «አንተ ጨካኝ ነህ» አላለችም፤ «ቅጠል የለም» ነው ያለችው። የጠየቀችውም ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ አይደለም፤ በሚቀጥለው ወር የእሷ ፎቶ እዚያው ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ እሱ ይጠይቃታል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ልጆቻችን በዚህ ውስጥ እያደጉ ከሆነ እኛ ያላገኘነውን እያገኙ ነው። ስለ አባቱ ለልጁ እንዲነግረው ለመንኩት። ነግሮት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አልጠየቅኩም።

ልጁ በሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። የያዘው ፎቶ የመብራት ሽቦ ላይ ያለች አንዲት ድንቢጥ ነበር፤ በጣም ሩቅ፣ በጣም ትንሽ። «የማየው ብዙ ሰማይ ነው» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ያቺው ልጅ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ «ከዚህ ርቀት ዓይኗ እንዴት ጠራልህ?» ብላ ጠየቀችው። በግንቡ ላይ ስልኩን አስደግፎ፣ በጣቱ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫው የድምፅ ቁልፍ እንዳነሳ አስረዳት። ቀላል ዘዴ ናት፤ እናንተም የቤተሰብ ፎቶ ስታነሱ ሞክሯት፤ ስልኩ አይነቃነቅም።

አሁን በቡድኑ ውስጥ ጎጆ አይነሳም፤ ልጆቹ ራሳቸው የወሰኑት ነው። ጫጩት አፏን ከፍታ ስትታይ ሁሉም ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው ደግሞ ቀጣዩን ልጅ ቅርንጫፍ እንዲያስር ይልከዋል። በዚህ ነገር ላይ አዋቂዎች «አሳዩን፣ ጎጆ የለም?» እያልን ባንገፋፋቸው እወዳለሁ። በሆለታ አቅራቢያ በበርጋ ረግረግ ክረምት ክረምት የምትራባ፣ ቁመቷ ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጥ፣ በሣር ውስጥ ተደብቃ የምትኖር አንዲት ወፍ አለች፤ በዓለም ላይ ከጥቂት ቦታዎች በቀር መራቢያዋ አይታወቅም፤ ልትጠፋ ጫፍ ደርሳለች። ጎጆዋን የምትሠራው ሣር መሃል ነው። እሷን ፎቶ ላንሳ ብሎ ሣሩን የሚረግጥ ሰው ሳያውቅ እንቁላሏን ሊረግጥ ይችላል። በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ሆኖ ቦታውን ለመጠበቅ ሲደክም ቆይቷል። የልጅ ልጄ «እማማ፣ እንሂድ?» ስትለኝ፣ ቡድኑ ውስጥ ጠይቂ አልኳት። ጠየቀች፤ ስድስቱ አይሆንም አሉ። እኔ ብከለክላት ኖሮ ሳምንት ባኮረፈች ነበር።

ልጆቻችሁ ይህን ነገር ቢጀምሩ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልጋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ብዙ ጊዜ የተነሳበትን ቦታ አብሮ ይመዘግባል፤ ያን ማጥፋት በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ይቻላል። ለጎጆው ደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለልጃችሁም ነው፤ የየቀኑ ጠዋት ፎቶ ከነቦታው ከተላከ ቤታችሁ የት እንደሆነ ለማያውቁት ሰው ነገራችሁ ማለት ነው። ሐይቅ ዳር ያለ አዋቂ አይሂዱ። በከተማ ውስጥ ደግሞ ጥበቃ ባለበት ግቢ አጠገብ ባይናኩላርና ካሜራ ይዞ አጥር አጥር ማየት ጥያቄ ያስነሳል። የእኛዎቹን አንድ ጥበቃ አስቁሟቸው «ምንድን ነው የምታነሱት?» ሲላቸው «ወፍ» ብለውት፣ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ወፍ የለም!» አላቸው። አስቀድሞ ማስፈቀድ ይሻላል። እነሱ አሁን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ይመርጣሉ፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ወፉም ሰው ለምዷል። ሐዋሳ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አሞራ ገደል ውሰዷቸው፤ ዓሣ የሚጸዳበት ቦታ አባ ኮዳ ከሰው እኩል ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል፤ ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ ትዕግሥተኛ ተነሺ አይገኝም።

«ትምህርቷስ?» ላሉኝ አባት፦ የእኔዋ በፊዚክስ ብርሃን ላይ ሲደርሱ እጇን ያወጣችው እሷ ነች። ከዚህ በላይ ቃል አልገባም፤ ሒሳቧ እንደነበረ ነው።

በዚህ ሰሞን የያዙት ክርክር የመስቀል ወፍ ነው። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንላለን፤ ወፏ በመስከረም ታይታ ትጠፋለች ይባላልና። ሰዎች የመስቀል ወፍ እያሉ ካሳዩኝ ወፎች መካከል በክረምት ማብቂያ እሳት የመሰለ ቀይና ጥቁር ላባ ለብሰው በሣሩ ላይ የሚንቦገቦጉ ይገኙበታል። አባባ ግን «እሷ የትም አትሄድም፤ ልብሷን ነው የምትቀይር፤ በጥር ማሽላ ላይ ከግሪሳው ጋር አባርሬያታለሁ» ብለው ልጆቹን አስደነገጧቸው። እውነታቸውን ነው፤ የእነዚህ ወፎች ወንዱ የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ደማቁን ላባ ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ልጆቹ በመስከረም ያነሱትን አንድ ቀይ ወፍ ከነሣሩ ይዘው፣ በጥር እዚያው ቦታ ተመልሰው ሊያነሱት ተስማምተዋል። የጎጆው ልጅ ነው ሐሳቡን ያመጣው። የ15 ዓመቷ ልጅ ግን ገና ከአሁኑ፣ «ያው ወፍ መሆኑን በምን ታሳምነናለህ?» ብላዋለች፤ እሱም በአፉ ቅርጽና በእግሩ ቀለም እያለ ሲያስረዳት ሳሎኑን ጥለናቸው ወጣን።